የተጨነቀ ህዋስ ምን ይሰጣል?

(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «የሃያ ደቂቃ ንግግር አድርጊልን» ሲለኝ ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ደም ግፊት እንዳወራ የጠበቀ ይመስለኛል። ዕድሜያችን ወደዚያው እየሄደ ስለሆነ አይፈረድበትም። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ዕፅዋት ነው። በጠርሙስ ውስጥ ስለሚያድጉ የዕፅዋት ህዋሳት፣ እነሱ ሲጨንቃቸው ደግሞ በውስጣቸው ያለው ኬሚካል ስለሚሆነው ነገር። «ሐኪም እዚያ ውስጥ ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። ያስገቡኝ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የዶርም ጓደኛዬ፣ ሌላዋ ታካሚዬ።

ከጓደኛዬ ልጀምር። እኔ ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ እሷ ባዮሎጂ ልትመረቅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። የመመረቂያ ሥራዋ ቲሹ ካልቸር ነበር። የቡና ቅጠል ቆራርጣ፣ በበረኪና አጥባ፣ ስኳርና ማዕድናት ሆርሞንም ባለበት፣ እንደ ረጋ ሾርባ በሚመስል ምግብ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከሳምንታት በኋላ ከቁራጩ ጠርዝ እንደ ተፈረፈረ አይብ ያለ ነጣ ያለ ነገር ይወጣል። ካለስ ይሉታል። ቅጠል አይደለም፣ ሥር አይደለም፣ ግንድም አይደለም፤ ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ የህዋስ ክምር ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ተባይ የለም፣ ንፋስ የለም፣ ረሃብም የለም። ሁሉ ነገር ቀርቦለታል።

የእሷ ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ይሄ ምቾት የለመደ የቡና ህዋስ ጨው ቢጨመርበት የሚያመርተው ካፌይን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የመጀመሪያውን ዙር ስትሠራ ነጥቡን ተሳሳተችና የጨውን መጠን አሥር እጥፍ አደረገችው። በሳምንቱ ሁሉም ጠቆረ። ዶርም መጥታ ስታለቅስ እኔ ደግሞ ነገሩ አልገባኝም፤ «ምን ያስለቅስሻል፣ እኛ ቤት እኮ ቡና በጨው ነው የሚጠጣው» አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ዛሬም ድረስ ይቅርታ እንዳልጠየቅኳት ትነግረኛለች፤ በዚህ መድረክ ጠይቄያለሁ፣ ምስክር ሁኑኝ።

ሁለተኛውን ዙር በትክክለኛው መጠን ሠራች። ጥቂት ጨው የቀመሱት አልሞቱም፣ ግን ቀጨጩ። ካፌይናቸውስ? እሱን ለማወቅ የሚለካበት መሣሪያ መለዋወጫ እየጠበቀ ስለነበር ሳትለካው ተመረቀች። «የኬሚካል ትንተናው ወደፊት ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፋ ዘጋችው። ይሄን ዓረፍተ ነገር አደራ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መልሱ ግን በሌላ አገር ታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሪሽክኔክትና ባውማን የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የኮፊያ አረቢካን፣ ማለትም የእኛኑ ቡና፣ ህዋሳት በፈሳሽ ምግብ አሳድገው በጨውና በብርቱ ብርሃን አስጨንቀዋቸው ነበር። ካፌይንና የካፌይን ዘመድ የሆኑት ኬሚካሎች ጨመሩ። ለምን?

ዕፅዋት እግር የላቸውም። ተባይ ሲመጣ አይሸሹም፣ ድርቅ ሲመጣ ወንዝ አይወርዱም። መከላከያቸው ኬሚካል ነው። ለእኛ ካፌይን የማለዳ መንቂያ ነው፤ ለቡናው ግን ለጋ ቅጠሉንና ፍሬውን ከነፍሳት የሚጠብቅበት መርዝ ነው። መከላከያ ደግሞ በነፃ አይገኝም። አንድ የካፌይን ሞለኪውል አራት የናይትሮጅን አተም ይወስዳል። ያ ናይትሮጅን ቅጠል ማሳደጊያ፣ ፕሮቲን መሥሪያ መሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ተክሉ በሰላሙ ጊዜ ይቆጥባል፣ አደጋ ሲሰማው ያወጣል። የጓደኛዬ ካለሶች የቀጨጩትም በዚሁ ስሌት ነው፤ ጨዋማ ቦታ ውኃ መሳብ ራሱ ጉልበት ይፈጃል፣ ለዕድገት የሚተርፍ ይቀንሳል።

አደጋው መድረሱን ህዋሱ በምን ያውቃል? ብዙ መልእክተኞች አሉ፤ በጣም የታወቀው ጃስሞኔት ይባላል። ስሙ የመጣው ከጃስሚን አበባ ነው፣ ሽታው ውስጥ ስላለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፋርመርና ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በረሃማ ቦታ የሚበቅል የአርቴሚሲያ ቁጥቋጦ፣ የእኛ ጭቁኝ ወገን ነው፣ ቅርንጫፉን ከቲማቲም ችግኝ ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። ሳይነካካ፣ በአየር ብቻ፣ ከቁጥቋጦው የወጣው ሜቲል ጃስሞኔት ቲማቲሙን አስጠነቀቀው። ቲማቲሙም የነፍሳትን የምግብ መፍጨት የሚያውክ ፕሮቲን በቅጠሉ ውስጥ አመረተ። ማንም አልበላውም፤ ወሬውን ብቻ ነው የሰማው። በህዋሱ ውስጥ መከላከያ የሚያመርቱት ጂኖች በሰላም ጊዜ ፍሬን ተይዞባቸው ነው የሚቀመጡት። ጃስሞኔት ሲመጣ ፍሬን የያዙት ፕሮቲኖች ይፈርሳሉ፣ ጂኖቹም ሥራ ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ታካሚዬ ልምጣ። የጡት ካንሰር የያዛቸው እናት ናቸው፤ ከሩቅ ወረዳ በሁለት አውቶቡስ ነው የሚመጡት። ፓክሊታክሰል የሚባለውን መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ይወስዱ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመጡ መድኃኒቱ አልቋል። በሚቀጥለው ሳምንትም የለም። በሦስተኛው ሳምንት ቁጭ ብለው «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ከምንድነው የሚሠራው?» አሉኝ። «ከዛፍ ነው የተገኘው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ዛፉ አለቀ እንዴ?» አሉ።

እዚያው የምመልሰው አጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን መድኃኒት ለዓመታት ሳዝ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን በወጉ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ዛፉ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚበቅል፣ የፓስፊክ ዩው የሚሉት ዛፍ ነው። ልጡ መጀመሪያ ለምርመራ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ዎልና ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች በ1971 የሞለኪውሉን ቅርጽ አሳተሙ፤ ሱዛን ሆርዊትዝ በ1979 የካንሰር ህዋስ እንዳይከፈል እንዴት እንደሚያደርገው አሳየች፤ በ1992 ለእንቁልጢ ካንሰር፣ በ1994 ለጡት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ። ችግሩ ግን ይሄ ነበር፦ ዛፉ ሲያድግ ቀርፋፋ ነው፣ ልጡ ሲላጥ ደግሞ ይሞታል። የመቶ ዓመት ዛፍ የሚሰጠው ሦስት ኪሎ ያህል ልጥ ነው። ከዚያ የሚገኘው መድኃኒት 300 ሚሊግራም ገደማ፣ ማለትም ለአንድ ታካሚ አንድ ጊዜ የሚበቃ ነው። አንድ ዛፍ ለአንድ ቀን! እኚያ እናት ዛፉ አለቀ ወይ ማለታቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በዚያ ዘመን የሳይንቲስቱም የደን ጠባቂውም ጥያቄ እሱ ነበር።

መጀመሪያ ከሌላ የዩው ዝርያ ቅጠል ግማሽ መንገድ የደረሰውን ሞለኪውል አውጥቶ በላብራቶሪ መጨረስ ተቻለ። ቀጥሎ የመጣው ግን የጓደኛዬ ጠርሙስ ነው፤ የዩው ህዋሳትን በፈሳሽ ምግብ ማሳደግ። ህዋሳቱ ግን በምቾት ላይ እያሉ የሚሰጡት መድኃኒት ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የጃፓን ተመራማሪዎች በአንዱ የዩው ዝርያ ህዋሳት ላይ ሜቲል ጃስሞኔት ጨመሩ። ልብ በሉ፣ ተባይ አልለቀቁባቸውም፤ የተባይ መምጣትን ወሬ ብቻ ነው የላኩባቸው። በአንድ ሊትር 28 ሚሊግራም ገደማ የነበረው ፓክሊታክሰል ወደ 110 ወጣ። ዛሬ ይሄ ሥራ በጀርመን አገር እስከ 75,000 ሊትር በሚይዝ ጋን ይሠራል። አንድም ዛፍ አይላጥም።

እዚህ ላይ ካቆምኩ ግን «ጭንቀት ጥሩ ነው» ብዬ የሄድኩ ይመስላል። አይደለም። ሦስት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ጊዜው። ሜቲል ጃስሞኔት የዩው ህዋሳትን ዕድገት ይገታል፣ ሲበዛም ይገድላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አይጨመርም። ህዋሳቱ በደንብ በልተው፣ ተባዝተው፣ ጋኑን ከሞሉ በኋላ ነው የሚጨመረው። በ1980ዎቹ ጃፓኖች ሺኮኒን የሚባለውን ቀይ ቀለም፣ የከንፈር ቀለም ሁሉ ተሠርቶበታል፣ ከዕፅ ህዋስ ሲያመርቱ ሁለት ጋን ነበራቸው፤ አንዱ ማሳደጊያ፣ ሌላው ማምረቻ። በማሳደጊያው ህዋሱ የሚፈልገው ሁሉ ይቀርብለታል። ከዚያ የተለየ ምግብ ወዳለበት ጋን ይዛወራል፣ አሞኒየም ይቀርበታል፣ ያን ጊዜ ቀለሙን ያወጣል። ከመጀመሪያው አሞኒየም ብትነፍጉት የሚቀላ ነገር ራሱ አይኖራችሁም።

ሁለተኛ፣ ዓይነቱ። ለቡናው ህዋስ ብርቱ ብርሃን ካፌይን ጨመረለት። ለሺኮኒኑ ህዋስ ግን ብርሃን ምርቱን ያቆምበታል፤ በተፈጥሮው ሥር ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ የሚሠራ ነገር ነውና። አንዱን ያተጋ ጭንቅ ሌላውን ያደርቀዋል። «ህዋስ ሲጨንቀው ኬሚካል ያመርታል» የሚል ጥቅል ሕግ የለም። ይሄ ህዋስ፣ በዚህ ጭንቅ፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ቀን ነው መባል ያለበት።

ሦስተኛ፣ ብቻውን የማይችል አለ። የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የምንሰጠው ቪንክሪስቲን የሚገኘው ከማዳጋስካር ከመጣች አንዲት የአበባ ተክል ነው። ሞለኪውሉ ከሁለት ግማሽ የተሠራ ነው። አንዱን ግማሽ የጠርሙሱ ህዋስ ይሠራዋል፣ ብታስጨንቁትም ይጨምረዋል። ሁለተኛውን ግን የፈለገውን ያህል ብታስጨንቁት አይሠራውም፤ ብርሃን ያገኘ ቅጠልና በቅጠሉ ውስጥ ሥራ የተከፋፈሉ ልዩ ልዩ ህዋሳት ያስፈልጉታል። ለወባ የምንሰጠው የኮአርተም መሠረት የሆነው አርቴሚሲኒንም እንዲሁ ነው፤ ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት የተካፈለችበት ማለት ነው። የሚመረተው በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢ ጠጉሮች ውስጥ ነው። ጠጉር ያላበቀለ ካለስ ቢጨነቅም ያን ያህል የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ሁለቱም መድኃኒቶች እስከዛሬ በዋናነት ከማሳ ነው የሚመጡት።

ይሄ ሁሉ ለእኛ ለሐኪሞች የዕለት ሥራ ነው። ታካሚ መድኃኒቱ ላይ ደርቦ ቅጠል ቀቅሎ ሲጠጣ እናገኛለን። «ስንት ጠጡ?» ስንል «አንድ ሲኒ» ይሉናል። የሲኒው ነገር እውነት ነው፤ ግን ቅጠሉ ከደጋ ነው ከቆላ፣ በክረምት ነው በበጋ፣ ተባይ በልቶት ነበር ወይስ ጓሮ ውስጥ ውኃ ሲጠጣ የኖረ? በዚያ ሲኒ ውስጥ ያለው ኬሚካል በዚህ ሁሉ ይለዋወጣል። ታካሚውን ከመቆጣት በፊት ይሄን ማስረዳት ይቀላል። እኔ ወጣት ሐኪም ሳለሁ የምቆጣው እኔ ነበርኩ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ሰዎቹ ይደብቁኝ ጀመር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስና ጨርሼ ልውረድ።

ዛሬ ጠዋት ቡና ስንጠጣ በሦስት ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ንግግር ሰማሁ፦ «ያ ችግር ነው ሰው ያደረገን!» የካፌው ምስር፣ አሥራ ሁለት ሆነን የተኛንበት ዶርም፣ በሻማ ያጠናንበት ሌሊት። ደስ ይላል፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ጠረጴዛው ላይ ያለነው የቆየነው ነን። በሁለተኛው ዓመት ሻንጣቸውን ይዘው የሄዱት እዚህ የሉም፣ «እኔን ደግሞ ሰበረኝ» ብሎ የሚናገርልን የለም። ጓደኛዬ ቢያንስ የጠቆሩትን ጠርሙሶች ቆጥራ ጽፋለች።

ከጥቂት ዓመት በፊት በምሠራበት ክፍል አንዲት ኢንተርን ነበረች። ጎበዝ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ዙር ላይ እያለን ግድግዳ ይዛ ተቀመጠች። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንዳልተኛች ነገረችኝ። እኔም ምን አልኳት? «አይዞሽ፣ እኛም እንዲሁ ነው ያለፍነው።» በሚቀጥለው ወር ትምህርቱን ተወችው። በዚያ ሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራች ማንም አልቆጠረም፤ አለቃዋ እኔ ነበርኩ፣ እኔም አልቆጠርኩም። የመድኃኒት መጠን በሚሊግራም የምቆጥር ሰው የልጂቱን ሰዓት አልቆጠርኩም።

ሰው ካለስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ከጠርሙስ ወደ ሰው ዘልዬ ሕግ አላወጣም። ግን ህዋስ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ እንደሚያበላ፣ ጭንቁን እንደሚለካ፣ የሞተውንም እንደሚመዘግብ ስናይ፣ እኛ አስተማሪዎች ለተማሪ ከዚያ ያነሰ ብንጠነቀቅ ያሳፍራል። «እኛም አልፈናል» መለኪያ አይደለም።

ልመናዬ ይሄ ነው። በአገራችን በሆለታ፣ በጅማና በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከላት የቲሹ ካልቸር ሙያ አለ። በዋናነት የሚሠራው ችግኝ ለማባዛት ነው፣ ያስፈልጋልም። የዚህ ግቢ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፋርማሲና የሕክምና ክፍሎች ግን አንድ ላይ ቢቀመጡ፣ ያው ጠርሙስ «ስንት ችግኝ ወጣው?» ብቻ ሳይሆን «ውስጡ ምን አለ? ሲጨነቅስ ምን ይሆናል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህ የጎደለን ብልሃት አይደለም፤ የሚሠራ መለኪያ ነው። ማኅበራችን ዘንድሮ ከሚሰበስበው መዋጮ ላይ ለሕንፃ ቀለምና ለመታሰቢያ ሐውልት ከማሰባችን በፊት፣ ለላብራቶሪ መሣሪያዎች መለዋወጫና ለጠጋኝ ባለሙያ ቋሚ በጀት እንመድብ። ከዚህ በኋላ አንድም ተማሪ «የኬሚካል ትንተናው ወደፊት ይሠራል» ብሎ እንዳይመረቅ። የእኔን ድርሻ ዛሬ ለገንዘብ ያዣችን ሰጥቻለሁ፤ ጓደኛዬም ከምትኖርበት ልካለች።

ስለ ታካሚዬ ለምትጠይቁኝ፣ መድኃኒቱ በአራተኛው ሳምንት ገባ፤ ሕክምናቸውን ጨርሰዋል፣ ለክትትል ይመጣሉ። የጠየቁኝንም ዕዳ ከፍያለሁ። ዛፉ እንዳላለቀ፣ ዛሬ ከልጡ ሳይሆን በጋን ከሚያድግ ህዋስ እንደሚሠራ፣ ህዋሱም ጠላት መጣ ሲባል መድኃኒቱን እንደሚያወጣ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «እንዲህ አስጨንቀው ነው የሚያወጡበት? ምስኪን!» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ብቻ መጀመሪያ ያበሉታል አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።

ያበሉታል አልኳቸው።